ቤዝቦል ሪፈረንስ፦ ቤዝ መድረስ የሚያውቁ መቺዎችን ለሚያጠና ሰው ምን ያህል ይበቃል?

ቴድ ዊሊያምስን ከቤብ ሩት፣ ባሪ ቦንድስን ከጆይ ቮቶ አስተያይቶ «አዘውትሮ ቤዝ ላይ የሚገኘው ማን ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መነሻው ቤዝቦል ሪፈረንስ ነው። ሾን ፎርማን በ2000 የከፈተው ድረ ገጽ ከ1871 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ የቤዝቦል መዝገብ ይዟል፤ ዋናው ክፍሉም ያለ ክፍያ ይነበባል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፍርዳችንን ከወዲሁ ለመናገር፦ በዚህ ጉዳይ ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ችግሩ፣ ሰንጠረዡ አንባቢው ስሌቱን የሚያውቅ አድርጎ ስለሚገምት ብዙ ሰው ከትክክለኛ ቁጥር የተሳሳተ መደምደሚያ ይዞ ይወጣል።

መጀመሪያ ስሌቱ። ድረ ገጹ ላይ ኦቢፒ በሚል ምህጻር የተቀመጠው ቁጥር ቤዝ የመድረስ መጠን ነው። ሂት (ኳሱን መትቶ ቤዝ መድረስ)፣ ዎክ (ከስትራይክ ቀጠና ውጪ የመጡ አራት ኳሶችን ታግሶ ሳይመታ ወደ አንደኛ ቤዝ መሄድ) እና በኳስ መመታት ይደመራሉ። ይህ ድምር ለአት ባት (መቺው ሂት ያገኘበት፣ የወጣበት ወይም በተከላካይ ስህተት የደረሰበት ተራ)፣ ለዎክ፣ በኳስ ለመመታትና ለሳክሪፋይስ ፍላይ (መቺው ቢወጣም ሯጭ ነጥብ እንዲያገባ ያስቻለ ከፍ ያለ ምት) ድምር ይካፈላል። ለሯጭ ሲባል የሚደረግ በንት (ኳሱን በቀስታ ነካ ማድረግ) በስሌቱ ውስጥ ጭራሽ አይገባም። የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር የሆነው ሜጀር ሊግ ይህን ቁጥር በይፋ የተቀበለው በ1984 ስለሆነ ከዚያ በፊት ለተጫወቱት የምናየው ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ የተሰላ ነው።

በንት አለመቆጠሩ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ስሌቱን በእጅ ለማረጋገጥ የሚሞክርን ሰው መጀመሪያ የሚያደናቅፈው እሱ ነው። የኢቺሮ ሱዙኪን የ2004 መስመር ውሰዱ። 762 የመምቻ ተራ ተጽፎለታል፤ አካፋዩ ግን 704 አት ባት፣ 49 ዎክ፣ 4 በኳስ መመታትና 3 ሳክሪፋይስ ፍላይ፣ በድምሩ 760 ነው። የጎደሉት ሁለቱ በንቶች ናቸው። 262 ሂት ሲደመር 49 ሲደመር 4፣ 315 ይሆናል፤ ለ760 ሲካፈል 0.414። ተራውን እንዳለ አካፋይ ካደረጋችሁ መልሱ 0.413 ይወጣና ድረ ገጹ የተሳሳተ ይመስላችኋል።

አሁን ወደ ቦንድስ ገጽ። በስታንዳርድ ባቲንግ ሰንጠረዥ የ2004 መስመር 373 አት ባት፣ 135 ሂት፣ 232 ዎክ፣ 9 ጊዜ በኳስ መመታትና 3 ሳክሪፋይስ ፍላይ ይላል። 376 ለ617፣ 0.609። ከዚህ የሚበልጥ የአንድ ወቅት ቁጥር ሜጀር ሊግ አያውቅም። ቁጥሩ ደምቆም ዘመምም ብሎ ተጽፏል፤ ደማቅ ብቻ ቢሆን ሊጉን መርቷል ማለት ነው፣ ደማቅና ዘማማ ሲሆን ደግሞ ሜጀር ሊግ የተከፈለባቸውን ሁለቱንም ሊጎች፣ ናሽናልንና አሜሪካንን። ይህን ምልክት አንዴ ከለመዳችሁት የአንድን መቺ ዘመን ጠቅላላ ገጽታ ቁጥር ሳታነቡ ከሩቅ ታያላችሁ። የዊሊያምስ ገጽ የኦቢፒ ዓምድ ላይ 12 ደማቅ መስመሮች አሉ።

አብዛኛው አንባቢ 0.609 ላይ ቆሞ ይመለሳል። እኛ ግን ሰንጠረዡን ወደ ቀኝ እየጎተታችሁ ሆን ተብሎ የተሰጠ ዎክ የሚቆጠርበትን ዓምድ ድረሱ እንላለን። 120 ይላል። ወርዋሪው መቺውን ሳይጋፈጥ፣ አሠልጣኙ «ይለፍ» ብሎ የሸኘባቸው ተራዎች ናቸው። የመቺው ዝና ያመጣቸው ናቸው፣ ያ አይካድም፤ ዓይኑንና ትዕግሥቱን ግን አይለኩም። ሁለቱንም ወገን በ120 ብትቀንሱ 256 ለ497፣ 0.515 ይቀራል። ይህንኑ በ2002 መስመሩ ላይ አድርጉት፦ 149 ሂት፣ 198 ዎክ፣ 9 መመታት፣ 403 አት ባት፣ 2 ሳክሪፋይስ ፍላይ፣ ማለትም 356 ለ612፣ 0.582። ሆን ተብለው የተሰጡት 68 ዎኮች ሲወጡ 288 ለ544፣ 0.529 ይሆናል። በመዝገቡ 2004 ይበልጣል፤ ወርዋሪ በእርግጥ ሊያሸንፈው በሞከረባቸው ተራዎች ግን 2002 የተሻለው ዓመት ነው። ድረ ገጹ ይህን በራሱ አይነግራችሁም፤ ለማስላት የሚያስፈልገውን ግን ሁሉ እዚያው መስመር ላይ አስቀምጦታል።

ይህን ቅነሳ ለሁሉም ሰው ማድረግ አይቻልም። ሆን ተብሎ የተሰጠ ዎክ በይፋ ተለይቶ መመዝገብ የጀመረው በ1955 ነው። ስለዚህ የዊሊያምስን 1957 (0.526፣ 33ቱ ሆን ተብለው የተሰጡ) መቀነስ ይቻላል፤ የ1941ን 0.553 ግን አይቻልም። ከተጫዋች ጋር ተጫዋች ስታወዳድሩ ወይ ሁለቱንም ቀንሱ፣ ወይ ሁለቱንም ተዉ። አንዱን ቀንሶ ሌላውን እንዳለ መተው በክርክር ላይ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው።

መጠንና ብዛትም ይለያያሉ። ቤብ ሩት በ1923 205 ሂት፣ 170 ዎክና 4 በኳስ መመታት ነበረው፤ በድምሩ 379 ጊዜ ቤዝ ላይ ደረሰ፣ ከቦንድስ 376 በሦስት ይበልጣል። አካፋዩ ግን 696 ስለነበር መጠኑ 0.545 ነው። በሙያ ዘመን ደረጃ ደግሞ በብዛት የሚመራው ፒት ሮዝ ነው፦ 4,256 ሂት፣ 1,566 ዎክ፣ 107 መመታት፣ ጠቅላላው 5,929። የሮዝ መጠን ግን 0.375 ብቻ ነው። ድረ ገጹ ለሁለቱም የየራሱ የመሪዎች ዝርዝር አለው፤ የትኛውን እንደከፈታችሁ ርዕሱን አይታችሁ አረጋግጡ።

የመሪዎች ገጽ ከላይ በሚያልፉት ማውጫዎች በኩል ይከፈታል። ለእያንዳንዱ ቁጥር የሙያ ዘመን፣ የአንድ ወቅት፣ አሁን በመጫወት ላይ ያሉ፣ የየዓመቱ አሥር መሪዎች፣ ከዚያም «ፕሮግሬሲቭ» የሚባል ዝርዝር አለ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማይነካው፣ እኛ ግን ከሁሉ የምንወደው ነው፤ ክብረ ወሰኑ በየዓመቱ በማን እጅ እንደነበረ ያሳያል። ለምሳሌ የዊሊያምስ 0.553 በናሽናልና በአሜሪካን ሊግ በ2002 ቦንድስ እስኪያልፈው 61 ዓመት ሙሉ ሳይነቃነቅ ቆይቷል።

በሙያ ዘመን ዝርዝሩ ዊሊያምስ 0.482፣ ሩት 0.474፣ ጆን ማግሮው 0.466 ይዘዋል። ወረድ ሲል ቢሊ ሃሚልተን፣ ሉ ጌሪግና ቦንድስ (0.444) ይመጣሉ። ዝርዝር ከማንበብ በፊት ግን የመግቢያው ወሰን ይታይ። የመጠን ቁጥር ያለ ዝቅተኛ የተራ ብዛት ትርጉም የለውም። ኤዲ ጌደል ለሴንት ሉዊስ ብራውንስ ኦገስት 19 ቀን 1951 አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ በአራት ኳስ ዎክ አገኘ፤ ገጹ ላይ ኦቢፒው 1.000 ነው፣ የሂት አማካዩ (ሂት ለአት ባት ተካፍሎ የሚገኘው) ሳጥን ደግሞ ባዶ።

ለአንድ ወቅት ወሰኑ ቡድኑ በተጫወተው በእያንዳንዱ ጨዋታ 3.1 ተራ ነው፤ በ162 ጨዋታ 502። እዚህ ጋ አንድ የማይጠበቅ ነገር አለ። ጆይ ቮቶ በ2012 ጉዳት ደርሶበት 475 ተራ ብቻ ነበረው፤ ሆኖም የናሽናል ሊግ መሪ ተብሎ ተመዝግቧል። ስህተት አይደለም። ሕጉ የጎደለው ተራ ሁሉ ሳይሳካለት እንዳለፈ አድርጎ ይቆጥርና ያም ሆኖ የሚመራ ከሆነ ማዕረጉን ይሰጠዋል። 225 ጊዜ ቤዝ ደርሷል፤ ለ502 ሲካፈል 0.448፣ ከተከታዩም በላይ ነው። ሰንጠረዡ ላይ የሚጻፈው ግን እውነተኛው 0.474 (225 ለ475) ነው። ቮቶ ሊጉን ሰባት ጊዜ መርቷል ሲባል ይህም ተቆጥሮ ነው። በተቃራኒው ሁዋን ሶቶ በ2020 ያስመዘገበው 0.490 ከ60 ጨዋታ ወቅት የወጣ፣ በ196 ተራ የተገኘ ነው፤ ወሰኑን በሕጉ አልፏል፣ ግን የ2021ዱ 0.465 (304 ለ654) የበለጠ ክብደት አለው። ድረ ገጹ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ደማቅ ጽሑፍ ነው የሚያሳያቸው፤ ስለዚህ ከኦቢፒ በፊት የተራ ብዛት የሚለውን ዓምድ ማየትን ልማድ አድርጉት።

የድሮዎቹ ቁጥሮች ጋ ስትደርሱ ረጋ በሉ። ዎክ በአራት ኳስ የሆነው ከ1889 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ቁጥሩ ከዘጠኝ እየቀነሰ ነው የመጣው። በ1887 ዎክ እንደ ሂት ይቆጠር ስለነበር የቲፕ ኦኒል አማካይ አንዳንድ ቦታ 0.492 ተብሎ ይገኛል፤ ቤዝቦል ሪፈረንስ ዎኮቹን አውጥቶ 0.435 ይለዋል፣ ትክክልም አድርጓል። የማግሮው የ1899 0.547 ደግሞ ፋውል ኳስ (ከሜዳው መስመር ውጪ የተመታ) ስትራይክ (ሦስት ሲሞላ መቺውን የሚያስወጣው) ተብሎ ባልተቆጠረበት ዘመን የተገኘ ነው። እንደ ማግሮው ያለ ሰው ያልፈለገውን ኳስ ሁሉ ወደ ጎን እየነካ ወርዋሪውን ማድከም ይችል ነበር፣ የሚቀጣው አልነበረም። ናሽናል ሊግ ይህን በ1901፣ አሜሪካን ሊግ በ1903 አስቀረ። ይህን የሚያብራራ ማስታወሻ ከቁጥሩ አጠገብ የለም፤ ቢኖር ምንኛ ጥሩ ነበር።

ሳክሪፋይስ ፍላይም የራሱ ታሪክ አለው። በዊሊያምስ የሙያ ዘመን መስመር 20 ብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ያነሰው ሌሎቹ ተራ አት ባት ተብለው ስለታለፉ ነው፤ ዛሬ የምናውቀው ቆጠራ የጀመረው በ1954 ነው። በኦቢፒ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም፣ እንዲህም ሆነ እንዲያ አካፋዩ ውስጥ አለ። የሂት አማካዩን ግን ይነካል፤ የ1941 0.406 ሳክሪፋይስ ፍላዮቹ ሳይቀነሱለት የተገኘ ነው።

ቁጥሩን ከዘመኑ ነጥሎ ማንበብ ሌላው ወጥመድ ነው። በ1968 ወርዋሪዎች ነግሠው የሜጀር ሊጉ አማካይ ኦቢፒ 0.299 ነበር፤ በ2000 ደግሞ 0.345። ካርል ያስትሬምስኪ በ1968 0.426 አገኘ፣ ቶድ ሄልተን በ2000 0.463። እንዲሁ ሲታይ ሄልተን በ37 ነጥብ (በ0.037) ይበልጣል። ለየዘመኑ አማካይ ስታካፍሉት ግን ያስትሬምስኪ ከአማካዩ በ42 በመቶ፣ ሄልተን በ34 በመቶ በልጠዋል። በዚያ ላይ ሄልተን ኳስ በሚበርበት በዴንቨር ከፍታ ነው የተጫወተው። ስፕሊትስ የሚለውን፣ የመቺውን ቁጥር በየሁኔታው የሚከፋፍለውን ክፍል ክፈቱ፦ በሙያ ዘመኑ በሜዳው 0.441፣ ከሜዳው ውጪ 0.386 ነው። ኦፒኤስ ፕላስ የሚባለው ዓምድ ዘመንንም ሜዳንም አስተካክሎ 100ን አማካይ ያደርጋል፤ ነገር ግን የኃይል ምትን ስለሚቀላቅል ለንጹሕ ቤዝ የመድረስ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ለዚያ ከላይ እንዳደረግነው በሊጉ አማካይ ማካፈል ይሻላል፤ አማካዩ በየዓመቱ የሊግ ገጽ ላይ ይገኛል።

ስፕሊትስ ክፍሉ የድረ ገጹ ሀብት ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም እዚያው ነው። በኳስና በስትራይክ ቆጠራ የተከፋፈለውን ሰንጠረዥ ስታነቡ፣ ሦስት ኳስ ባለበት ቆጠራ ላይ ያለው ኦቢፒ ሰማይ ይነካል፣ በመጀመሪያው ኳስ ላይ ያለው ደግሞ ከእሱ በጣም ያንሳል። ይህ የመቺው ጠባይ አይደለም። ሆን ተብሎ ያልተሰጠ ዎክ ሊጠናቀቅ የሚችለው ሦስት ኳስ ሲኖር ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ኳስ ላይ ቤዝ የሚያደርሰው ሂት ወይም በኳስ መመታት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ተራው በዚያ ቆጠራ ያለቀበትን መስመር «ከዚያ ቆጠራ በኋላ» ከሚለው አትቀላቅሉ፤ ሁለተኛው ተራው በዚያ በኩል አልፎ የትም ይለቅ የት ይቆጥራል፣ ለትዕግሥት ጥናት የሚሻለውም እሱ ነው። ሁለተኛ፣ በስተቀኝ ጫፍ ያሉትን ሁለት ዓምዶች ተጠቀሙ፦ በቲ የሚጀምረው መቺውን ከራሱ ጠቅላላ ቁጥር ጋር፣ በኤስ የሚጀምረው ደግሞ በዚያው ሁኔታ ከነበሩት የሊጉ መቺዎች ጋር ያወዳድረዋል። ለዚህ ጥያቄ የሚያስፈልጋችሁ የኤሱ ነው።

እዚያው ጫፍ አካባቢ በተከላካይ ስህተት ቤዝ የደረሰባቸው ጊዜያት ተቆጥረዋል። ኦቢፒ እነዚህን እንደ ከሸፈ ተራ ያያቸዋል። ፈጣን ሆኖ ኳስ መሬት ለመሬት የሚሰድ መቺ ተከላካይን ስለሚያስቸኩል ከሌላው ይበልጥ በዚህ መንገድ ይደርሳል። ማካተት የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ከላይ ብቻ ይደምር፤ አት ባት ውስጥ ስላለ አካፋዩን መንካት አያስፈልግም።

መንገዳቸው ለየቅል የሆነ መቺዎችን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የሰንጠረዡ ጥቅም ይገባችኋል። ኤዲ ዮስት የሂት አማካዩ 0.254 ብቻ ነው፤ በ1,614 ዎክ ግን ኦቢፒውን 0.394 አድርሷል፣ በአማካይ ብቻ የሚፈርድ ሰው ያልፈዋል። ማክስ ቢሾፕ 0.271 መትቶ 0.423 ደርሷል። ሮን ሃንት ደግሞ ገላውን ነው የሰጠው፦ በ1971 50 ጊዜ በኳስ ተመትቶ 0.402 አገኘ። ዌድ ቦግስ ሂትም ዎክም ያሟላ ነበር፤ በ1988 0.366 መትቶ 0.476 ደርሷል። ኢቺሮ በ262 ሂት 0.414 ላይ መቅረቱን ከዮስት ጋር አስተያዩት፤ በሂት አማካይ 118 ነጥብ የሚራራቁ ሰዎች በኦቢፒ የሚለያዩት በ20 ነው፣ ምንም እንኳ አንዱ የአንድ ወቅት ሌላው የሙያ ዘመን ቢሆንም። ሪኪ ሄንደርሰን 0.401 ላይ ሆኖ ከአብዛኞቹ በታች ይመስላል፤ 2,190 ዎክና 1,406 የተሰረቀ ቤዝ (ምት ሳይጠብቁ ሮጦ የተያዘ ቀጣይ ቤዝ) ያለበትን መስመር ያየ ሰው ግን ለሄንደርሰን ዎክ መስጠት ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ቤዝን መስጠት እንደነበር ይረዳል። ኦቢፒ ከደረሱ በኋላ ስላለው ነገር አይናገርም።

ከ2021 ወዲህ ድረ ገጹ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን ዋና ዋና የኒግሮ ሊጎች (በዘር መድልዎ የተገለሉ ጥቁር ተጫዋቾች የተጫወቱባቸውን) ከሜጀር ሊግ እኩል አስገብቷል፤ ሜጀር ሊግ ራሱ በይፋ መዝገቡ ያካተታቸው በ2024 ነው። ጆሽ ጊብሰን በ0.459 ከታላላቆቹ መካከል ተቀምጧል። ወቅቶቹ አጫጭር ስለነበሩ የተራ ወሰን እዚህ ላይ የበለጠ ያከራክራል፤ ሁለት ቦታ የተለያየ ደረጃ ካያችሁ መጀመሪያ የየዝርዝሩን ወሰን አመሳክሩ።

ክፍያ የሚጠየቅበት ስታትሄድ የሚባለው የፍለጋ ክፍል ነው። ዊሊያምስ በ1949 ለ84 ተከታታይ ጨዋታዎች ቤዝ መድረሱን ማንም ጽፎ ያገኘዋል፤ «ከ1990 ወዲህ ከ50 ጨዋታ በላይ የሄደው ማን ነው?» ለሚል ጥያቄ ግን ተከታታይ ጨዋታ የሚፈልገው መሣሪያ ያስፈልጋል። አንድ ምክር፦ ውጤት ስታወጡ ወቅት ተሻግሮ መቆጠሩን ወይም በአንድ ወቅት መወሰኑን ምረጡ፣ አለዚያ ሁለት ዓይነት ዝርዝር አንድ መስሎ ይወጣል። በወር አንድ ሁለት ጊዜ ለሚያስስ ሰው ነፃው ክፍል ይበቃል፤ ለሚጽፍ ወይም ለሚከራከር ሰው ስታትሄድ ዋጋውን ያወጣል። ሰንጠረዥ ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር ለማውረድ ግን መክፈል አያስፈልግም፣ ከሰንጠረዡ በላይ ያለው የማጋሪያና የማውጫ ቁልፍ በሲኤስቪ (በሰንጠረዥ ፋይል) ይሰጣችኋል። ሆን ተብለው የተሰጡትን ዎኮች መቀነስ ያለ እሱ አድካሚ ነው።

የሚጎድለው ዋና ነገር የዎኩ ምክንያት ነው። መቺው ከቀጠና ውጪ የመጣውን ኳስ ምን ያህል እንደሚተው ዋናው ሰንጠረዥ አይነግርም። ለዚያ ፋንግራፍስ ወይም ሜጀር ሊግ ራሱ የሚያስተዳድረው ቤዝቦል ሳቫንት የሚባሉት ድረ ገጾች ይሻላሉ፤ ሳቫንት የያዘው የስታትካስት (የኳስን እንቅስቃሴ የሚከታተል መሣሪያ) መረጃ ከ2015 የሚጀምር ስለሆነ ለቦንድስና ለቦግስ አይደርስም። ሌላው የስልክ ጉዳይ ነው። ሰንጠረዦቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ሆን ተብሎ የተሰጠው ዎክና በኳስ መመታት ያሉባቸው ዓምዶች ከማያ ገጹ ውጪ ይቀራሉ፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ዋናዎቹ እነሱ ናቸው። ስልካችሁን አግድም አዙሩት፣ ወይም ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት።